የሕይወት ታሪክ ገጾች ላይ ያሉ ፎቶዎችን ለዓይነ ስውራን አንባቢዎች መግለጽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በድረ ገጽ፣ በዊኪፔዲያ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ የሰዎችን የሕይወት ታሪክ ለሚጽፉና ለሚያርሙ የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ አብዛኛው አንባቢ ከሚያውቃቸው ሰዎች ፎቶ የተወሰዱ ናቸው።

አማራጭ ጽሑፍ የሚባለው ምንድን ነው?

ከፎቶው ጋር በኮዱ ውስጥ የሚቀመጥ አጭር ጽሑፍ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስሙ አልት ቴክስት ይሉታል። ዓይናማው አንባቢ አያየውም። ዓይነ ስውሩ አንባቢ ግን በስክሪን ሪደር (ማያው ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ገጹን እያዳመጠ ሲወርድ ፎቶው ጋ ሲደርስ ይነበብለታል። ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ ወይም ጆስ፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይሠራሉ። ብሬይል ማሳያ ያለው ሰው ደግሞ በጣቱ ያነበዋል።

ሳይጻፍ ሲቀር የሚሆነው እንደ ፎቶው አቀማመጥ ይለያያል። ፎቶው ሲነካ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ከሆነ ስክሪን ሪደሩ አንድ ነገር ማለት ስላለበት የፋይሉን ስም ያነባል፦ «አይኤምጂ ሁለት ሺህ ሠላሳ አራት ነጥብ ጄፔግ»። ዊኪፔዲያ ላይ ያሉ ፎቶዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ፋይሉ ገጽ የሚወስዱ ስለሆኑ ይህ ችግር እዚያ ጎልቶ ይሰማል። ማስፈንጠሪያ ያልሆነ ፎቶ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝም ተብሎ ይታለፋል፤ አንባቢው ፎቶ መኖሩንም አያውቅም።

ከፎቶው ሥር ማብራሪያ ጽፌያለሁ። እሱ አይበቃም?

አይበቃም፤ ሥራቸው የተለያየ ነው። ከሥር ያለው ማብራሪያ ለሁሉም አንባቢ የሚሆነውን ይናገራል፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን አነሣው። አማራጭ ጽሑፉ የሚናገረው ዓይናማው በዓይኑ የወሰደውን ነው። ማብራሪያው «አበበ ቢቂላ፣ ሮም፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952» ካለ፣ አማራጭ ጽሑፉ ይህንኑ ቢደግም አንባቢው አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ይሰማል እንጂ በባዶ እግሩ መሮጡን ከፎቶው አያገኝም። በጣም የተለመደው ስሕተት ይኸው ነው፤ ማብራሪያውን ገልብጦ መለጠፍ።

ምን ልጻፍ? ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ፎቶ እዚህ ቦታ ላይ ለምን ገባ? መልሱ የመግለጫው እምብርት ነው። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ ብዙ አያስቸግርም፦ ማን ነው፣ ምን እያደረገ ነው፣ ታሪኩን የሚነካው የሚታይ ነገር የቱ ነው፣ ቦታ ከተረፈ አካባቢው ምን ይመስላል። ስሙ ፊት ይምጣ፤ አንባቢው ፎቶውን ሊያልፈው ከፈለገ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት መወሰን እንዲችል።

የአበበን የሮም ማራቶን ፎቶ እንውሰድ። የመጀመሪያው ሙከራ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«አበበ ቢቂላ።»

ውሸት የለበትም፤ ግን ገጹ ርዕሱም እሱ ነው። ሁለተኛው ሙከራ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፦

«በዚህ ታሪካዊ ፎቶ ላይ እንደሚታየው ጀግናው አትሌት አበበ ቢቂላ ለመላው አፍሪካ ኩራት በሆነው በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን ውድድር ላይ በከፍተኛ ወኔ ሲሮጥ ይታያል።»

ይህን ዓይን ጨፍኖ ላዳመጠው ሰው ምን ተሳለለት? ወኔና ኩራት በጽሑፉ ውስጥ ቦታ አላቸው፤ እዚህ ግን የሚታየውን ነገር በልተውታል። ሦስተኛው፦

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አስፋልት ላይ ሲሮጥ፤ መለያው ላይ 11 ቁጥር ተለጥፏል።»

ባዶ እግሩ ገባ፤ አንባቢው በጽሑፉ የሰማውን በፎቶው አረጋገጠ። ቁጥሩም ይጠቅማል፤ በሌሎች የዚያ ቀን ፎቶዎች ላይ እሱን የሚለየው እሱ ነውና።

እዚያው ገጽ ዝቅ ብሎ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቶኪዮ ውድድር ይመጣል። አበበ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ባደረገ በሳምንታት ውስጥ አሸንፎ፣ ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ነበር። የዚያ ፎቶ መግለጫ «አበበ ከድል በኋላ» ከሆነ ሁሉ ነገር ጠፋ። «አበበ ቢቂላ ሩጫውን ጨርሶ ሣር ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ እግሮቹን ወደ ላይ አንሥቶ ሲያፍታታ፤ ጫማ አድርጓል» ቢባል ግን የጫማው ነገር እንኳ ሥራ ይሠራል። ባዶ እግሩን ከሮም ያስታወሰ አንባቢ ሁሉ ስለ ጫማው መጠየቁ አይቀርም።

ትንሽ የምትመስል ነገር ታሪክ ስትሸከም ዓይናችሁ እንዳያመልጣት። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሮጥ ግራ ክንዱን ጠበቅ አድርጎ አጥፎ ይይዛል፤ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ አብሮት የቀረ ልማድ እንደሆነ ይነገራል። የሕይወት ታሪኩ ይህን ካነሣ፣ የሩጫ ፎቶው መግለጫ ክንዱን መዝለል የለበትም። ጽሑፉ ካላነሣው ግን መግለጫው ውስጥ ለብቻው ቢገባ ግራ ያጋባል።

አንድ ፎቶ በሁለት ሰዎች ገጽ ላይ ቢገባ መግለጫው አንድ ዓይነት ይሁን?

አይሁን። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ከወሰደች በኋላ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኢላና ማየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞረዋል። በደራርቱ ገጽ ላይ፦ «ደራርቱ ቱሉ ከኢላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ የሩጫውን መም ስትዞር» ይበቃል። በማየር ገጽ ላይ ግን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማየር ትሁን። ስለ አፓርታይድ ማብቂያና ስለ ስፖርት በሚያወራ ገጽ ላይ ደግሞ አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ነጭ መሆናቸው መነገር አለበት፤ ፎቶው ዓለምን የዞረው በዚሁ ነውና። የቆዳ ቀለምን መቼ ልጥቀስ ለሚለውም መልሱ ይኸው ነው፦ ለታሪኩ ሲያስፈልግ። ሲጠቀስም የሁለቱንም ጥቀሱ፤ የአንዱን ብቻ መጥቀስ ሌላውን «የተለመደው» ያደርገዋል።

ርዝመቱ ስንት ይሁን?

«ከ125 ሆሄ አይበልጥ» የሚል ምክር በብዙ ቦታ ታገኛላችሁ። ሕግ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ይህን ያህል ብሎ አልወሰነም። ምክሩ ግን ምክንያት አለው፦ አማራጭ ጽሑፍ እንደ አንቀጽ ቆም እያሉ፣ ወደ ኋላ ቃል በቃል እየተመለሱ ለማዳመጥ አይመችም። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት፤ ከ10 እስከ 25 ቃል ለአብዛኛው የሰው ፎቶ ይበቃል።

በአማርኛ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በአማርኛ ብሬይል ብዙዎቹ ፊደላት ተነባቢውና አናባቢው ተለይተው ስለሚጻፉ ሁለት ሕዋስ (የአንድ ብሬይል ምልክት ነጥቦች የሚያርፉበት ቦታ) ይወስዳሉ። ባለ 40 ሕዋስ ማሳያ ላይ የሚገባው እንግዲህ ሃያ ምናምን ፊደል ነው። ረጅም መግለጫ ያን ሁሉ ጊዜ ቁልፍ እየተጫኑ መግፋት ማለት ነው።

«ይህ ፎቶ የሚያሳየው…» ብዬ ልጀምር?

አያስፈልግም። ስክሪን ሪደሩ ራሱ «ምስል» ወይም «ግራፊክ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ፎቶ ካልሆነ ግን ተናገሩ፦ ሥዕል፣ የእርሳስ ንድፍ፣ ሐውልት፣ ቴምብር፣ የብር ኖት። በነገሥታት ገጾች ላይ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የምናያቸው የዐፄ ቴዎድሮስ ምስሎች በሠዓሊ እጅ የተሠሩ ናቸው። «ዐፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ተሠርተው» ብቻ ከተባለ አንባቢው ካሜራ ያየውን የሚሰማ ይመስለዋል፤ «ዐፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ተሠርተው፤ በሠዓሊ የተሣለ ምስል» ሲባል ምን ያህል ማመን እንዳለበት ያውቃል።

ቀለም ለዓይነ ስውር ምን ያደርግለታል?

ብዙ ያደርጋል። ከዓይነ ስውራን መካከል ዓይናቸው በኋላ የጠፋ አሉ፣ ጥቂት የሚያዩ አሉ፤ ሲወለድ ጀምሮ ያላየም ሰው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ምን ትርጉም እንዳለው ያውቃል። ሆኖም ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀለም አትገምቱ። መለያው አረንጓዴ እንደነበር ከሌላ ቦታ ብታውቁም ፎቶው ላይ አይታይም። የድሮ ፎቶ መሆኑ ለታሪኩ የሚጨምረው ነገር ካለ «ጥቁርና ነጭ» በሉ፤ ያለዚያ ዝለሉት።

ልብስና አለባበስ እንዴት ይገለጽ?

እዚህ ላይ አማርኛ ሀብታም ነው፤ ተጠቀሙበት። «ነጭ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ» የሚል መግለጫ ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ይመስላል። ነጠላ ነው ወይስ ጋቢ? ጋቢ ወፍራም ነው፣ ቤት ውስጥና በብርድ የሚለበስ ነው፤ ነጠላ ስስ ነው፣ ጥለት አለው። አለባበሱም ይናገራል፦ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሆነ ሐዘን ላይ ናት፤ አደግድጎ የቆመ ሰው ለታላቅ ሰው አክብሮት እየሰጠ ነው። «አደግድጎ» የምትል አንዲት ቃል «ነጠላውን ወገቡ ላይ አሥሮ፣ ዝቅ ብሎ» የሚለውን ሁሉ ትተካለች። ካባና ለምድ፣ ሻሽና ቆብ፣ ጎፈሬና ሹሩባ፣ ጭራና አለንጋ እንዲሁ።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፎቶ ጥሩ ማሳያ ነው። «እማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖ ላይ» ብቻ ከተባለ ስሙ ብዙውን ይነግራል። ግን «የምንኩስና ቆባቸውን እንዳደረጉ ፒያኖ ሲጫወቱ» ሲባል ዓይናማው ፎቶውን አይቶ ቆም የሚልበት ነገር ለዓይነ ስውሩም ደረሰ። ቆቡና ፒያኖው አንድ ላይ መታየታቸው ነው ፎቶውን ፎቶ ያደረገው።

የልብሱን ስም እርግጠኛ ካልሆናችሁ የሚታየውን ጻፉ፦ «ረጅም ጥቁር መደረቢያ»። የተሳሳተ ስም ከሌለ ስም ይከፋል።

ስለ መልክ፣ ስለ ስሜት፣ ስለ አካል ጉዳትስ?

«ቆንጆ»፣ «ግርማ ሞገስ ያለው»፣ «የሚያሳዝን» የጸሐፊው ፍርድ ናቸው፤ ተዉአቸው። «ደስተኛ» ግምት ነው፣ «ጥርሷ እስኪታይ ፈገግ ብላ» ግን ይታያል። «በሐዘን ተውጦ» ከማለት «አንገቱን ደፍቶ» ማለት ይሻላል።

አካል ጉዳት ሲታይና ለታሪኩ ሲያስፈልግ በተራ ቃል ይነገር። አበበ እ.ኤ.አ. በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ መራመድ ካቃተው በኋላ እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ተወዳድሯል። «አበበ ቢቂላ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት ሲወጥር» በቂ ነው፤ «ምስኪኑ» ወይም «በወንበር ላይ የቀረው» ማለት ቀስቱን ያስረሳል። ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች ገጽ ላይም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኘችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በፎቶው ላይ ነጭ በትሯን ይዛ ከሆነ በትሩ ይጠቀስ፤ ካልያዘች ግን በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ «ዓይነ ስውሯ» እያሉ መደጋገም ለምን ይጠቅማል?

አንቱ ልበል ወይስ አንተ?

ገጹ እንዳለው። ጽሑፉ «ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ» ካለ መግለጫው «ተቀምጣ» ማለት አይችልም፤ «ተቀምጠው» ይሁን። አትሌቶችና ዘፋኞች ብዙ ጊዜ በ«እሱ»ና በ«እሷ» ስለሚጻፉ መግለጫውም ይከተላል። በአማርኛ ግሱ ጾታንና ክብርን ስለሚሸከም ፎቶ ላይ ያለ የማታውቁት ሰው ያስቸግራል፦ «አንድ ሰው ቆሞ» ስትሉ ወንድ አድርጋችሁታል። ጾታው ካልታወቀ በስም መግለጽ ያወጣችኋል፤ «ከኋላ የአንድ ሰው ጥላ» እንደማለት።

በአማርኛ ድምፅ ሲነበብ የሚበላሸው ምንድን ነው?

ብዙ ነገር፤ አብዛኛው ግን በአጻጻፍ ይስተካከላል። ከኤንቪዲኤ ጋር በነፃ የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የንግግር ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ሮቦት ቢመስልም የለመዱት በፍጥነት ያዳምጡበታል። የሚያደናቅፉት እነዚህ ናቸው።

ምሕጻረ ቃል። «ዶ/ር»፣ «ወ/ሮ»፣ «ጠ/ሚ» የሚሉት ከነመስመራቸው ሊነበቡ ይችላሉ። አማራጭ ጽሑፍ ውስጥ «ዶክተር»፣ «ወይዘሮ» ብላችሁ ዘርዝሩ። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ነጥቦቻቸው ዓረፍተ ነገር የሚያበቃ አስመስለው ይቆራርጧቸዋል። ዓመቱ ከሥር ባለው ማብራሪያ ካለ ከነጭራሹ መድገም አያስፈልግም።

የግዕዝ ቁጥር። «ዳግማዊ» በፊደል ይጻፍ፤ «፪ኛ» አይሁን። ሌላውንም ቁጥር በ1፣ 2፣ 3 ጻፉ።

የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ። ፊደላችን ማጥበቅን አያሳይም፤ ዓይናማው ከዓውዱ ይገምታል፣ ማሽኑ ግን እንደመጣለት ያነባል። «ዋና አሠልጣኙ» የሚለው ጠብቆ ካልተነበበ አንድን የሩጫ አሠልጣኝ ገንዳ ውስጥ ይከተዋል። እንዲህ ዓይነት ቃል ሲገጥማችሁ በሌላ ተኩት። ብዙ ጊዜ «አሠልጣኙ» ብቻውን ይበቃል።

የገጹ ቋንቋ። በኮዱ የገጹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ተብሎ ከተመዘገበ ስክሪን ሪደሩ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊሞክር ይችላል፤ ያኔ ወይ ዝም ይላል ወይ አንዱን ፊደል ከሌላው ነጥሎ ይቆጥራል። መግለጫው የቱንም ያህል ቢያምር አይሰማም። ድረ ገጹን የሚሠራውን ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ይህን ነው።

ባዶ የሚተው ፎቶ አለ?

አለ፤ ጌጥ ብቻ የሆነ። የገጽ ማስዋቢያ ጥለት፣ መስመር፣ ከስሙ ጎን ያለች ትንሽ ኮከብ። ባዶ መተው ማለት ግን አልት የሚለውን ጨርሶ አለመጻፍ አይደለም፤ ተጽፎ በትእምርተ ጥቅሶቹ መካከል ምንም አለማስገባት ነው። ያኔ ስክሪን ሪደሩ እንዲያልፈው ታዟል ማለት ነው። ማስፈንጠሪያ የሆነ ፎቶ ግን በፍጹም ባዶ አይተውም።

የደብዳቤ፣ የዘር ሐረግ፣ የካርታ ምስልስ?

በአንድ ዓረፍተ ነገር አያልቁም። አማራጭ ጽሑፉ ምን እንደሆነ ይናገር፣ ይዘቱ ደግሞ ለሁሉም በሚታይ ጽሑፍ ከሥሩ ይቀመጥ። በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ከሆነ ቃል በቃል ገልብጡት፤ ያልተነበበ ቦታ ካለ «የማይነበብ» ብላችሁ አመልክቱ። ማኅተም ካለበት ማኅተሙ ላይ ያለውን ጽሑፍም ጨምሩ። የዘር ሐረግ በተዋረድ ዝርዝር ይጻፍ፦ አያት፣ ከሥራቸው ልጆች፣ ከእያንዳንዱ ልጅ ሥር የልጅ ልጆች። ከዓይናማውም ብዙው ሰው በዝርዝሩ ይጠቀማል፤ የዘር ሐረግ ሥዕል በስልክ ላይ ለማንም አይነበብም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢጽፍልኝስ?

ረቂቅ ይሆናል። ማሽኑ ፎቶው ለምን እዚያ እንደገባ አያውቅም፤ ነጠላን «ሻርፕ»፣ በገናን «ጊታር» ሊል ይችላል፤ ሰውንም አሳስቶ ሊጠራ ይችላል። በተለይ የሰው ስም፣ የቦታ ስምና ቁጥር በዓይን ሳይረጋገጥ አይለፍ።

የት ነው የምጽፈው?

ዊኪፔዲያ ላይ በፎቶው ኮድ ውስጥ፣ በቋሚ መስመሮች መካከል፣ በላቲን ፊደል አልት ብሎ የእኩል ምልክት ካደረጉ በኋላ መግለጫው ይገባል። ዎርድፕሬስ ላይ ፎቶው ሲመረጥ በጎን በኩል ሳጥን ይመጣል። አንድ ወጥመድ አለው፦ በፎቶ ማከማቻው ውስጥ ብታርሙት ቀድሞ ጽሑፍ ውስጥ የገባው ቅጂ አይታረምም፤ ጽሑፉን ከፍታችሁ እዚያው አርሙ። ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ማረሚያ ውስጥ አለ፤ ካልሞላችሁት ራሱ ግምት ያስገባል። ቴሌግራም ላይ ከፎቶው ሥር ባለው ጽሑፍ ውስጥ አካቱት።

ጥሩ መሆኑን እንዴት ልፈትሽ?

ፎቶውን ሸፍናችሁ አንቀጹን ከነመግለጫው ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። የተደገመ ነገር ካለ ከመግለጫው አውጡ፤ «እና ምን ነበር የሚታየው?» የሚያሰኝ ከሆነ አልጻፋችሁትም። ከዚያ ኤንቪዲኤን ጭናችሁ ገጹ ላይ «ጂ» የሚለውን የላቲን ፊደል ተጫኑ፤ ከምስል ወደ ምስል ያዘላችኋል። በተከታታይ ስትሰሟቸው ሁሉም መግለጫዎች በአንድ ዓይነት ቃል የሚጀምሩ ከሆነ ወዲያው ይታወቃችኋል። ከተቻለ ደግሞ ስክሪን ሪደር በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ገጹን እንዲያዳምጥ ጠይቁ፤ «ጥሩ ነው?» ብላችሁ ሳይሆን «ፎቶው ላይ ምን አለ?» ብላችሁ።